የሹሩባ ሠሪዋ ሁለት ደቂቃ

አማኑ ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ እውነቱን እንደማይናገር የተማረው ከቦሎቄ ነው።

ስታትስቲክስ አጥንቶ እንደተመረቀ መልካሳ በሚገኘው የምርምር ማዕከል በኮንትራት ተቀጠረ። ሥራው አዳዲስ የቦሎቄ ዘሮች ተቀቅለው ለገበሬዎች ሲቀርቡ የትኛው እንደጣማቸው መጠየቅ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ገበሬው አንድ ማንኪያ ይቀምስና ላብ የወረደበትን የአማኑን ፊት አይቶ «ግሩም ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ስድስቱንም ሳህን ግሩም ነው ይላል። በኋላ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ዘዴውን ነገሩት። «ልጄ፣ ደጁ ድረስ ምግብ ይዞለት የመጣን እንግዳ ‹አይጥምም› የሚል ሰው በዚህ አገር አልተወለደም። ከየሳህኑ ጎን ጣሳ አስቀምጥ፣ ለየሰዉ ጠጠር ስጥ፣ ከዚያ ጀርባህን አዙር።» አማኑ ጣሳ አስቀመጠ፣ ጠጠር አደለ፣ ጀርባውን አዞረ። ግሩም ከተባሉት ስድስት ዘሮች የአራቱ ጣሳ ባዶውን ተገኘ።

ኮንትራቱ ሲያልቅ ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዞት የወጣው ዕውቀት ይኸው ጀርባ ማዞር ነበር። ከካሚል ጋር ያገናኘውም እሱ ነው።

ካሚል ፀጉር ቤት ውስጥ የሚያልፍ ኮሜዲ ፊልም ሠርቶ ጨርሷል። የቀረጸው ከሁለት ዓመት በፊት አዳማ ፍራንኮ ሰፈር፣ ከሪማ የምትባል ሴት የውበት ሳሎን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከማስመረቁ በፊት አዳማ፣ ሞጆና ባቱ ላይ አሳይቶ የተመልካች አስተያየት መሰብሰብ ፈለገና ሰው እንድትጠቁመው ከሪማን ጠየቃት። «አንድ የሰፈራችን ልጅ አለ፣ መጠየቅ የሚችል» ብላ አማኑን ሰጠችው።

«ካሜራ ይዘን በር ላይ እንቆማለን» አለ ካሚል መጀመሪያ ሲገናኙ፣ ፊቱ ያለውን ማኪያቶ እያማሰለ። «ሰዉ ሲወጣ ማይኩን እንደግንበታለን፤ ‹ፊልሙን እንዴት አገኙት?› በቃ።»

«ምን የሚሉህ ይመስልሃል?»

«አሪፍ ነው፣ በጣም ተመችቶኛል፣ ሁሉም ሰው መጥቶ ሊያየው ይገባል...»

«አየህ፣ ሳይመጡ ጨረስክላቸው።»

ካሚል ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ጭንቀት ተመለሰ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ የሲኒማ ቤት ባለቤቶቹ ሩብ ሰዓት ካልቀነስክ አናሳይም ብለውታል። «አቦ፣ ሁሉም የኔ ጣት ነው፣ የቱን ልቁረጥ? አንተ እውነቱን አምጣልኝ። ከሦስት ሰው አንዱ ሰለቸኝ ያለው ቦታ ይቆረጣል። እናቴ ብትኖርበትም ይቆረጣል!»

አማኑ አምስት ጥያቄ ያለው አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀ። ስም አይጻፍበትም። የትኛው ቦታ አሳቀዎት? የትኛው ቦታ ሰለቸዎት? የትኛውን ሰው ወደዱት? ለጓደኛዎ ይነግራሉ? ፊልሙ ገና ስም አልወጣለትምና፣ ምን ይባል? በመውጫው በኩል ጠረጴዛ፣ እስክሪብቶና ከላዩ የተቀደደ ካርቶን ተቀመጠ። እሱ ጀርባውን ለካርቶኑ ሰጥቶ ይቆማል።

የመጀመሪያው ዕለት አዳማ ላይ አዳራሹ ከሞላ ጎደል ሞልቶ ነበር። አማኑ ፊልሙን አስቀድሞ አላየውም፤ ማየትም አልፈለገም፤ የሚጠይቅ ሰው የራሱ አስተያየት ሊኖረው አይገባም ብሎ ነው። ከኋላ ጥግ ተቀምጦ የሰዉን ጭንቅላት ያያል። ታሪኩ ሚስቱን የሚጠረጥር የሲኖትራክ ሾፌር ነው። ሰውየው ዊግ አጥልቆ፣ ሊፒስቲክ ተቀብቶ ሚስቱ የምትሠራበት ፀጉር ቤት ይገባና ቀኑን ሙሉ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ ይቀመጣል። ሴቶቹ ስለባሎቻቸው የሚያወሩትን ይሰማል። አንዷ ባሏ እንቅልፍ ላይ የታክሲ ታሪፍ እንደሚጠራ ትናገራለች፣ ሌላዋ ባሏ ሽንኩርት ሲከትፍ ለእናቱ ስልክ ደውሎ እንደሚያለቅስ ትናገራለች። የሰውየው ጆሮ በካስኩ ሙቀት ይጠበሳል። የገዛ ሚስቱ ብቻ ስለሱ አንዲት ቃል አትተነፍስም። አዳራሹ ይንከተከታል፤ አንድ ወጣት ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለል ላይ ወደቀ።

መሐል ላይ ሚስትየዋ ፀጉሯን ሹሩባ ልታሠራ ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄደች። ጥጉ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስትየዋን እግራቸው ሥር አስቀምጠው በማበጠሪያው ጭራ ፀጉሯን ከፈሉት። ጣቶቻቸው ሥራቸውን ጀመሩ። ሚስትየዋ ወደ ታች ስታቀረቅር አገጯን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው «ቀና በይ» አሏት።

አማኑ የተቀመጠበትን ወንበር ክንድ ያዘ።

እናቱ ናት። ወርቄ። በከሪማ ሳሎን ጥግ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሹሩባ የሠራችው ወርቄ፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት ያረፈችው ወርቄ፣ ግድግዳውን ሞልታ ተቀምጣለች። ሰው ፎቶ ሊያነሳት ስልክ ሲያወጣ ሻርፗን ፊቷ ላይ የምትጎትት ሴት ነበረች፤ ከመታወቂያዋ ሌላ ይህ ነው የሚባል ፎቶ እንኳ የላትም። እዚህ ግን እጇ ሥራ ስለያዘ ካሜራውን ረስታዋለች። አንድ ጎንጉን ጨርሳ ሌላውን ትይዛለች። ትንሽ ታንጎራጉራለች። ምንም አትናገርም።

ከዚያ አማኑ አዳራሹን ሰማው። ሳል። ሌላ ሳል። አንድ ስልክ በራ፣ ከጎኑ ሁለት ስልክ በራ። አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ «አሁን ውሃ ግዢ፣ ምንም የለም» አለቻት። ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ። ከዚያ ሾፌሩ ዊጉን ካስኩ ላይ ጥሎ ብቅ አለና አዳራሹ እንደገና በሳቅ ፈረሰ።

ፊልም ሊቀርጹ የመጡ ጊዜ አማኑ ለሥራ ገጠር ነበር። እናቱ በስልክ «ፊልም ሠሪዎች መጥተው ሥራ አስፈቱን» ብላው ነበር፤ እሱም «አይዞሽ፣ ይሄዳሉ» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። ሦስት ሺህ ሰው ስለ ቦሎቄ የጠየቀ ሰው እናቱን አንዲት ጥያቄ አልጠየቃትም።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቶቹን የቤቱ ወለል ላይ ዘርግቶ ቆጠራቸው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አባቱን አያውቅም፣ ወንድም እህት የለውም። ከለቅሶው በኋላ ጎረቤት እየመጣ ሲያንኳኳ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለ በሩን ቀስ በቀስ ዘግቶታል፤ ሰዉም ደህና ነኝ ያለውን አምኖ ተመልሷል። ቀኑን ሙሉ የራሱን ድምፅ ሳይሰማ የሚውልበት ጊዜ አለ።

ወረቀቶቹ ወሬ ይወዳሉ። «በጣም ሳቅኩ፤ ወንበሩ ግን ይቆረቁራል።» «ሾፌሩን የወደድኩት ባሌን ስለሚመስል ነው፤ ባሌ ግን እንደሱ አይቆነጅም።» «ለጓደኛዬ አልነግርም፣ ተጣልተናል።» ለስሙ አንዱ «ካስክ» ይባል ብሏል፣ አንዱ «ፎርፎር»፣ አንዱ ደግሞ «ስም አያስፈልገውም፣ ሰው አይቶ ይስቃል።» የትኛው ቦታ ሰለቸዎት? «ሹሩባው።» «ሹሩባ የሚሠሩት ሴትዮ ጋ።» «ሴትየዋ ለምን አትናገርም? ተረስታ ነው?» ከመቶ ዐሥራ ስምንት ወረቀት አርባ ሰባቱ። አማኑ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው እንዲለይ የፈለገበት ጊዜ ቢኖር ያኔ ነበር፤ ግን አልተለየም።

ከሪማ ሳሎን ሄደ። ከሪማ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር። እሱን ስታይ ማበጠሪያዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች «አየሃት?» አለችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያለችበትን ቦታ ሳይጨምሩት ቀርተው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። እኔም ያየኋት ትላንት ነው።» ማበጠሪያውን አወጣች። «አማኑዬ፣ ስክሪፕቱ ላይኮ ሐሜት ነበራት። ሦስት ጊዜ ‹በይ እማማ፣ ተናገሪ› ቢሏት ‹እጄ ሥራ ይዟል› አለቻቸው። ካሚል በሳቅ ሞተ። ሰዉስ፣ ወደዳት?»

«አርባ ሰባት ሰው ሰለቸችኝ ብሏል።»

የከሪማ እጅ ቆመ። ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ «ከሪ፣ ይቃጠላል!» እስክትል ድረስ እንደቆመ ቀረ።

«ለካሚል ንገረዋ! እናቴ ናት በለዋ!»

«ብነግረው ይሉኝታ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚለኝን ማመን አልችልም።»

«ታዲያ ይያዘው! ይሉኝታ በሽታ ነው እንዴ?»

«የቀጠረኝ እውነቱን አምጣልኝ ብሎ ነው፣ ከሪማ። እንዳትናገሪ።»

ከሪማ እሺ አላለችም። እሱ ግን ዝምታዋን እንደ እሺ ቆጠረው። ሰውን በመጠየቅ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራት አልነበረበትም።

ሞጆ ላይ ከሰባ ሦስቱ ሃያ ዘጠኙ ሹሩባውን ጠቀሱ። አማኑ ወደ መጀመሪያው ሰዓት መጨረሻ ሲቃረብ ከወንበሩ ይነሳና አዳራሹ ጥግ ሄዶ ይቆማል፤ ከዚያ ፊቷ በደንብ ይታያል። ባቱ ላይ ተመልካቾቹ አብዛኞቹ አበባ እርሻ የሚሠሩ ልጃገረዶች ነበሩ፣ ጣታቸው በእሾህ የተጫጫረ። በፊልሙ ሳቁ እየተቃቀፉ። እዚያም ከዘጠናው ሠላሳ አንዱ ሹሩባውን ጻፉ። አንድ ወረቀት ግን በእርሳስ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ፣ እንዲህ ይላል፦ «የሰለቸኝ የለም። ሹሩባ ስትሠራ የኔም ራስ የተነካ መሰለኝ። ከቤት ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው፣ ራሴን የነካኝ ሰው የለም። ትንሽ ቢረዝም።»

አማኑ ይህን ወረቀት ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ብዙ ጊዜ አነበበው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን አንጀት ለመሻማት ሲንደረደሩ አሸዋውን እላዩ ላይ ይረጩበት ነበር። ልጅቷን ፈልጎ ማግኘት ይችላል፤ አዳራሹ ትንሽ ነው፣ በእርሳስ የጻፈ ብዙ ሰው የለም። ግን ስም አይጻፍበትም ብሎ ቃል ገብቷል። ወረቀቱን ከዘጠናው ጋር መልሶ አሰረው። አንድ ሰው አንድ ነው።

ፊልሙ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እንደገና አዳማ ላይ ነበር፣ እሑድ ከሰዓት። አማኑ ካርቶኑን ይዞ ሲደርስ በሩ ላይ ጋሽ ኢተፋ ቆመዋል። ጋሽ ኢተፋ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛና የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ናቸው። እጃቸው ላይ የእድሩ መዝገብ ተከፍቷል።

«አከም ጅርታ፣ አማኑ» ብለው ሰላም አሉት ቀና ሳይሉ። «ዘርፉ ተገኝታለች... ገርባ ተገኝቷል... አበዛሽ የት አለች? ቀሪ ይጻፍባት?»

«መጣሁ፣ መጣሁ! ባጃጅ አጥቼ ነው!»

አማኑ ዞር ብሎ አየ። የሰፈሩ እድር ሙሉ በሙሉ እየመጣ ነው። እማማ ዘርፉ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ያሉትም እንደዚያው። ቲኬት ቆራጩ ልጅ ለኮሜዲ ሐዘን ለብሶ የመጣ ሰው አይቶ ስለማያውቅ «የሞተ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«አለ» አሉት ጋሽ ኢተፋ። «ውስጥ ነው ያለችው።»

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አማኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ጋሽ ኢተፋ መዝገቡን ዘጉ። «ከሪማ ነገረችን። ሊያወጧት ነው አሉ። ስማኝ ልጄ፣ እድር ሰው የሚቀብረው አንዴ ነው። ወርቄን ቀብረናል፣ ድንኳን ተክለናል፣ ደንቡን ጨርሰናል። ሁለተኛ ልትቀበር ነው ሲባል ቁጭ ብለን እንይ?»

«ግን አስተያየቱ የራሳችሁ መሆን አለበት...»

«የራሳችን ነው። ትላንት ማታ ተሰብስበን ተስማምተንበታል።»

ስልሳ አንድ ሰው መካከለኛውን ረድፍ ሁሉ ያዘ። ሾፌሩ ዊጉን ሲያጠልቅ ሌላው አዳራሽ ሳቀ፣ እድሩ ግን ለለቅሶ ነውና የመጣው ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ። ሰውየው ሊፒስቲክ ሲቀባ አንድ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እንቅልፍ ላይ ታሪፍ የሚጠራው ባል ሲነገር እማማ ዘርፉ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ገርባ ግን አልቻለም፤ ከአፉ እንደ ጎማ ፍንዳታ ያለ ድምፅ አመለጠውና ከዚያ በኋላ እድሩም እንደ ሰው ሳቀ። ወርቄ ስትታይ ሁሉም በአንዴ ጸጥ አለ። «ቀና በይ» ስትል አበዛሽ «ወይኔ ወርቄ! ወይኔ እጅሽ!» ብላ ደረቷን መታች። ከፊት የተቀመጡ ልጆች የፊልሙ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

መውጫው ላይ አማኑ ጀርባውን ማዞር አልተፈቀደለትም። እማማ ዘርፉ እጁን ያዙት። «ዓይኔ አያይም፣ አንተው ጻፍልኝ። የወደድኩት ሰው፣ ወርቄ። ያሳቀኝ፣ ምንም አልሳቅኩም በል።»

«እማማ፣ ሲስቁ አይቼዎታለሁ።»

«ያ ሳል ነው። የሰለቸኝ ቦታ፣ ወርቄ የሌለችበት ሁሉ። እንደዚያ ተብሏል።»

እንደዚያ ተብሏል። ወረቀቶቹ ላይ «ወርቄ የሌለችበት ሁሉ» የሚለው መልስ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተጽፏል። ፊልሙ ምን ይባል ለሚለው ስልሳ አንዱም «ወርቄ» ብለዋል።

ማታውን ቆጠረ። አርባ ሦስቱን የሌላ ሰው ወረቀት ለብቻ፣ ስልሳ አንዱን ለብቻ። ሒሳቡ አስቸጋሪ አልነበረም። ስልሳ አንዱ ከተደመሩ ሹሩባው ሰለቸኝ ያለው ሰው ከሦስት አንድ አይሞላም፤ ትንሽ ይጎድላል። ከወጡ ይሞላል። አንዱ ክምር በቀኙ፣ አንዱ በግራው ነው። ማንም አያውቅም። ካሚል የሚያየው መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው።

ስልሳ አንዱን አንድ በአንድ አነበበ። ከደንቡ የወጡ ጥቂቶች ነበሩ። አንዷ «ለልጄ ሠርግ ሹሩባ ስትሠራላት አልቅሳ ነበር፣ ‹የኔ ልጅ መቼ ይሆን› አለች» ብላ ጽፋለች። አንዱ «ሠፈር ውስጥ ሰላም ሳትለኝ ያለፈችበት ቀን የለም» ይላል። የጋሽ ኢተፋን ጽሕፈት ከመዝገቡ ያውቀዋል። እሳቸው ለአምስቱም ጥያቄ ባዶ ትተው ከታች በኩል «አማኑ፣ በርህን ክፈት» ብለው ጽፈዋል።

እነዚህ አስተያየት አይደሉም። ለእሱ የተጻፉ ናቸው።

ካሚል በማግስቱ እዚያው ካፌ ጠበቀው። ከእድሩ ክምር ጥቂቱን አንሥቶ አገላበጠ፣ ፊቱ በራ። «ይሄ ምንድን ነው? አቦ፣ ሕዝቡ ሹሩባ ሠሪዋን ወዷታል! ወርቄ ነው እንዴ ስሟ? ፖስተሩ ላይ ላድርጋት?»

አማኑ ዝም ቢል በቂ ነበር።  ማኪያቶው መጣ።

«እነዚህን አትቁጠራቸው» አለ።

«ለምን?»

«እድር ናቸው። ተነጋግረው ነው የመጡት።»

«የማን እድር?»

«የእናቴ።»

ካሚል ወረቀቱን ተመለከተ፣ ከዚያ አማኑን። ፊቱን፣ አገጩን አስተያየ። ወረቀቶቹን እንደሚሰበር ነገር ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እሳቸው... አርፈዋል እንዴ?»

«ዓመት አለፋት።»

«አላህ ያጽናህ ወንድሜ። ወላሂ አላወቅኩም። በቃ፣ አይቆረጥም። ማንም አይነካትም። ጨርሰናል።»

አማኑ ፈገግ አለ፤ ደስ ብሎት አይደለም። ስድስቱንም ሳህን ግሩም ነው ያለውን ገበሬ አስታወሰ። «አየህ፣ የፈራሁት ይሄንን ነው። አሁን አንተም ለቅሶ ደረስክ።» የሌላውን ክምር ወደ ካሚል ገፋ። «ሦስት መቶ ሃያ አራት ሰው። መቶ ሃያ ሁለቱ ሰልችቷቸዋል። ቁጥሩ ይኸው ነው። መቀሱ ያንተ ነው።»

ካሚል ወረቀቶቹን አስተካክሎ ደረደራቸው። ከዚያ እንደማፈር ብሎ «አንተስ? ፊልሙን እንዴት አገኘኸው? አንተን የጠየቀህ የለም» አለው።

  «ትንሽ ቢረዝም» አለ አማኑ። ቃሉ የባቱዋ ልጅ እንጂ የራሱ አልነበረም።

ከዐሥር ቀን በኋላ ካሚል ፍላሽ ላከለት። አብሮ የተላከው መልእክት አጭር ነበር፦ «ወንድሜ፣ ሹሩባውን ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። ይቅር በለኝ። ሙሉውን፣ ያልተቆረጠውን ሁሉ እዚህ ላይ አድርጌልሃለሁ። ከሁለት ደቂቃ ይበልጣል።»

አማኑ ፍላሹን ሦስት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። ቤት ላፕቶፕ አለው። ሁለት ጊዜ ከፍቶት ዘጋው። አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ሲያያት፣ ቢሰለቻቸውም፣ እሷን የሚያይ ሌላ ዓይን ነበረ። ስልኩን የሚያበራው ልጅ እንኳ ከማብራቱ በፊት አይቷት ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻውን ከከፈታት ግን ከዚህ በኋላ በዓለም ላይ የምትኖረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወደ ከሪማ ሳሎን ሄደ። ነፋሱ የመንገዱን አቧራ እያስነሳ ነበርና በሩን ከኋላው በፍጥነት ዘጋ። ጥጉ ላይ ዱካው አሁንም አለ፤ የዕቃ ካርቶን ተጭኖበታል። ከሪማ ፍላሹን ከእጁ ተቀብላ ምንም ሳትጠይቅ ግድግዳው ላይ ካለው ቴሌቪዥን ጀርባ ሰካችው። የሙዚቃ ክሊፕ ጠፋ፣ ወርቄ መጣች።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ሁለቱ ካስክ ሥር ናቸው፤ ስልካቸውን ያያሉ፣ አይሰሙም። ሦስተኛዋ አማኑ የማያውቃት ወጣት ናት፣ የታጠበ ፀጉሯ ላይ ፎጣ ጠምጥማ ተራዋን ትጠብቃለች። ቴሌቪዥኑን ቀና ብላ አየችው። አማኑ ይህን ሲያይ ሳያስበው ጀርባውን አዞረና ወደ መስታወቱ ዞሮ ቆመ። መስታወቱ ግን የፀጉር ቤት መስታወት ነው፤ ሁሉንም ያሳያል።

ልጅቷ ስልኳን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። ፎጣዋ ሲንሸራተት አልያዘችውም። ሁለት ደቂቃው አለፈ፣ አማኑ ያላየው ክፍል መጣ፤ እናቱ ጎንጉኑን ጨርሳ በመዳፏ ደባበሰችውና «ሂጂ፣ ቆንጅተሻል» አለች።

«ከሪ» አለች ልጅቷ፣ «ይቺ ሴትዮ እዚሁ ነው እንዴ የምትሠራው? ያ ጥግ አይደለም?»

ከሪማ በመስታወቱ ውስጥ አማኑን አየችው። መሞቷ ቢነገራት ልጅቷ ትደነግጣለች፣ «ውይ፣ ነፍስ ይማር» ትላለች፣ ፊቷ ላይ ያለው ነገር ይጠፋል። አማኑ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፦ አትንገሪያት።

«እዚሁ ነው» አለች ከሪማ።

«ውይ እጇ! በናትሽ እኔን ለሷ ያዢኝ። ዛሬ አለች?»

«ዛሬ የለችም» አለ አማኑ። ድምፁን በዚያ ቀን ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር።

ልጅቷ ወደሱ ዞረች።

«ነገስ?»